ስለታጠበው ካሮት፣ ለተከበሩ የገበያ ኃላፊ

…እና እጇ ቧንቧው ላይ እንዳለ ቆመች። ቧንቧውን አልከፈተችውም፤ እጇንም አላነሳችም። በሌላው እጇ ከነአፈሩ የያዘችው ካሮት ነበር፤ ጧት አብረን የነቀልነው፣ ቅጠሉ ላይ ያለው ጤዛ ገና ያልደረቀ። አንድ ነገር አለችኝ። ምን እንዳለችኝ…

ይቅርታዎን እለምናለሁ፣ ክቡር ሆይ። ለእርስዎ የሚጻፍ ደብዳቤ በሰላምታ እንጂ በቧንቧ እንደማይጀመር አውቃለሁ። እንደገና ልጀምር።

ለተከበሩ የከተማችን የገበያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የ«ተፈጥሯዊና የአካባቢ ምርት አዳራሽ» መሥራች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ሆድዎ ደህና ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። የሆድዎን ነገር ለይቼ ያነሳሁት በክፋት አይደለም። ከአዳራሽዎ እየገዙ የሚመገቡ ከሆነ ምኞቴ ያስፈልግዎታል፤ የማይመገቡ ከሆነም ፊትዎ እንዲህ የወዛበት ምክንያት ገብቶኛል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምኖረው ከአዳራሽዎ በስተጀርባ ባለው ፎቅ ላይ ነው። የስፌት ማሽኔ መስኮት ሥር ስለተቀመጠ፣ ክር ለማስገባት ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው የአዳራሽዎን የኋላ በር ነው። የፊቱን በር ሁሉም ያውቀዋል፤ መስተዋት ነው፣ ሰው ሲጠጋው በራሱ ይከፈታል፣ ከበላዩም ጠል የወረደበት ቅጠል ተሥሎበታል። የኋላው ብረት ነው። በተዘጋ ቁጥር የስፌት ማሽኔ መርፌ ይንቀጠቀጣል። ይህን የምነግርዎ ለማማረር ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ምስጋና ከየት ሆኜ እንዳየሁት እንዲያውቁልኝ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ጥናትዎ አመሰግናለሁ።

አዳራሹ ከመሠራቱ በፊት፣ በዚያው ቦታ ላይ ከከተማው ዳር የሚመጡ ጓሮ ሠሪዎች በረድፍ ተቀምጠው ይሸጡበት በነበረ ጊዜ፣ ደረታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉ ሁለት ልጃገረዶች ቤት ለቤት ልከው ነበር። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ሸማቾች ያለ ኬሚካል የበቀለና የአካባቢ የሆነ ምግብ የሚመርጡት ለምንድን ነው? መልሱንም እንዳንቸገር ይዘውልን መጥተዋል፦ ለጤና፣ ለጣዕም፣ ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለኢኮኖሚ። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ልጃገረዶቹን አስቀምጠው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ምግቡ ሲመራቸው ማንን እንደሚሰድቡ ስለሚያውቁ እንደሆነ መለሱ። ልጃገረዶቹ ተያዩ። ይህ ከጤና ይመደብ ወይስ ከኢኮኖሚ ብለው በትሕትና ጠየቋቸው። ሰውየው ከጤና ይሁን አሉ፤ ሰድበው ሲወጣላቸው እንቅልፍ ጥሩ አድርጎ ይወስዳቸዋልና።

እኔ ቶሎ እንዲሄዱልኝ ለጣዕም ነው ብዬ ሸኘኋቸው። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ክር በአፌ እንደያዝኩ ቆምኩ። እውነቱ የቱ ነበር? አፌ ውስጥ አንድ ነገር ስከት ከነገሩ ጀርባ አንድ ፊት እንዲኖር እፈልጋለሁ፤ የማውቀው ፊት። በላስቲክ የታሸገ ካሮት ጀርባ ማንም የለም። ብጠራው የሚመልስልኝ የለም። የአክስቴ ካሮት እንጨት እንጨት ሲለኝ ግን ቅዳሜ ሄጄ እነግራታለሁ፣ ትቆጣለች፣ ምላሴን ትሰድባለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሌላው መደብ ነቅላ ታመጣና እስክቀምሰው ድረስ አታናግረኝም። እኔ ተፈጥሯዊ የምለው ይህንን ነው። ከአራቱ መልሶች ግን አንዱም ይህ አልነበረም፤ ለልጃገረዶቹም እንዲህ ብሎ መንገር ያሳፍራል።

ጥናትዎ የደረሰበትን ግን አዳራሹ ሲመረቅ ከግድግዳው ላይ አነበብን። ከዚያ ሁሉ ሰው መልስ መካከል ለሥራ የሚያመች ሆኖ የተገኘው አንዲት ሸማች «አፈሩ ላዩ ላይ ሳይ ደስ ይለኛል» ያለችው ኖሯል። ማን እንደሆነች አላውቅም። ባለችበት ደህና ትሁን። አንድ ከተማ በአንድ ዓረፍተ ነገሯ ላይ ተመሥርቶላታል።

ሁለተኛ፤ ስለ መስፈርትዎ አመሰግናለሁ።

አክስቴን ገበያው «አጣቢዋ» እያለ ነው የሚጠራት። የእናቴ ታናሽ ናት። ከወንዙ ማዶ ያለው ጓሮ አባቷ የተዉላት ነው፤ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ ታወጣበታለች። ኬሚካል የሚባል ነገር ጓሮው ገብቶ አያውቅም፤ ይህም ከእምነት ሳይሆን ከንፉግነት ነው። ለሚሸት ነገር ገንዘብ አላወጣም ትላለች። ፍግም እኮ ይሸታል ብላት፣ እሱ በነፃ ነው የሚሸተው ብላ አፌን አስያዘችኝ።

የነቀለችውን ሁሉ ከጓሮው ጥግ ካለው ቧንቧ ሥር ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ታጥባለች። በብሩሽ አይደለም፤ በአውራ ጣቷ ነው። አፈር ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ገዢው ደግሞ የሚከፍለው ለሚበላው ነው። «አፈር በካሮት ዋጋ አልሸጥም» ትላለች፤ ከዚህ የበለጠ ስታብራራ ሰምቻት አላውቅም። እርሷ ብቻም አይደለችም። በድሮው ረድፍ ያላጠበ ሰው አጠገብ መቀመጥ ነውር ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ከጫፍ ይቀመጣል፣ ሰላምታም በአገጭ ብቻ ይሰጠዋል።

ረድፉ ፈርሶ አዳራሹ ሲከፈት ለነባር ሻጮች ቅድሚያ ይሰጣል ስለተባለ፣ አክስቴ እንደ ሙሽራ ተዘጋጅታ፣ ካሮቷን እስኪያበራ አጥባ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። ተቆጣጣሪዎ ነጭ ጋውን የለበሰ ጨዋ ወጣት ነው። አንዱን ካሮት አነሳ፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ ከዚያ ጣቱን አየ። ጣቱ ንጹሕ ነበር። ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄ ከየት እንደመጣ በምን አውቃለሁ፣ እማማ?»

«ከእኔ።»

«አፈር የለውም እኮ።»

«አጥቤው ነዋ።»

«ታዲያ ለምን ያጥቡታል?»

ዕድሜዋን ሙሉ ማንም ይህን ጠይቋት አያውቅም። ዞራ አየችኝ። ተቆጣጣሪው ምርቱ የተፈጥሯዊነት ማስረጃ እንደሚጎድለው፣ ማስረጃውም አፈር እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከነአፈሩ ካመጣችው ግን በደስታ እንደሚቀበላት በሚያምር ድምፅ ገለጸላት። ዘንቢሏንም እስከ ደረጃው ድረስ ተሸክሞላታል። የአስተዳደግ ጉድለት አላየሁበትም፤ ይህንን መመስከር ግዴታዬ ነው።

ሦስተኛ፤ አክስቴ ለገዢ ሁሉ ካሮት ቆርጣ የምታቀምስበትን ቢላዋ በመግቢያው ላይ ተቀብላችሁ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ስለሰቀላችሁ አመሰግናለሁ፤ ቢላዋውን ብትመልሱላት ደግሞ ምስጋናዬ ይበልጥ ነበር፣ ወጥ ቤቷ የሚቆርጥ ሌላ ቢላዋ የለም።

አራተኛ፤ ስለ ኋላው በር።

ከእኔ በታች የምትኖረው ጎረቤቴ በአዳራሽዎ ተቀጥራለች። የሥራ መደቧ «የምርት አቀራረብ ባለሙያ» ይባላል። ካሮቱ የሚመጣው በማቀዝቀዣ መኪና ነው፤ በላስቲክ ታሽጎ፣ በማሽን ታጥቦ፣ ሁሉም እኩል ሆኖ። ከየት እንደሚመጣ እርሷም አታውቅም፤ ላስቲኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው በሥራ ቦታዋ የለም። ሥራዋ አፈር በወንፊት መንፋት፣ ውሃ መርጨት፣ ከዚያም ካሮቱን ትሪ ላይ ማንከባለል ነው። አለቃዋ በየመካከሉ ብቅ ይላል። አፈሩ ሲበዛ «ይሄማ ቆሻሻ ነው» ይላታል፤ ሲያንስ ደግሞ «ይሄማ የውጭ ይመስላል» ብሎ ያዝናል። እንዲህ የሚያዝነው እኮ ከውጭ ለመጣው ካሮት ነው።

ቆስጣውን በወረቀት መብሻ ትበሳዋለች። ትል የቀመሰው ቅጠል መድኃኒት እንዳልተረጨበት ያሳያል ተብሎ ነው። ስለሆነም፣ ክቡር ሆይ፣ የከተማችን ትል እንደ ቢሮ ሠራተኛ ሁለት ሁለት ቀዳዳ፣ ክብ አድርጎ፣ በእኩል ርቀት እየበሳ መብላት ጀምሯል። ጡረተኛው ሾፌር ከገዙት ቅጠል አንዱን አሳይተውኝ፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ትል ለመዝገብ ቤት ቢቀጠር ኖሮ ጡረታቸው በጊዜው ይወጣላቸው እንደነበር ነገሩኝ።

ጎረቤቴ ይህንን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። ከዚያ ጥፍሮቿን አየች። «ልጆቼ እኮ ጓሮ የምሠራ ይመስላቸዋል» አለችኝ። ሊያባርሯት ካሰቡ፣ ያየሁት ሁሉ በመስኮቴ ያየሁት መሆኑን፣ ጎረቤት የጨመርኩትም ደብዳቤው እንዲያምር ብቻ መሆኑን ይወቁልኝ። ከእኔ በታች ደግሞ ብዙ ሰው ይኖራል።

አፈሩን ያመጣችሁት ከአዳራሹ መሠረት ጉድጓድ ነበር። አሸዋ አለው፤ ሲሚንቶም አለው። አንድ ቀን፣ አክስቴ ጋ ካሮት በጠፋ ጊዜ፣ ከእናንተ ገዛሁ። ጥርሴ ላይ ተንቀጫቀጨ። ተፍቼ አጠብኩት። ውሃው ግራጫ ሆነ፣ ደግሜ አጠብኩት። ከዚያ ማጠብ ማቆም አቃተኝ፤ ውሃው ከጠራ በኋላም እጄ ይሠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ቀሏል። ያረጀ ነገር ሳይ፣ ከአንድ በር ጀርባ የሚያስረጀው ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። በቅርቡ አንዲት ደንበኛዬ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ አዲስ ሱሪ እንዳሳጥርላት አምጥታ፣ ቀዳዳውን እንዳልሰፋው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ። ሱሪውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ለብዙ ጊዜ አየሁት። ማንም ያልተንበረከከበት ጉልበት ነው። እኔስ? ደንበኞቼ ጥሩ እጅ አላት የሚሉኝ ስፌቴን አይተው ነው ወይስ ጣቴ ላይ ያለውን የመርፌ ጠባሳ? ይህ ጥያቄ ለጽሕፈት ቤትዎ አይቀርብም፤ እዚህ የገባው በስህተት ነው።

አምስተኛ፤ አክስቴን የሚመለከት ነው፣ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

የልጇ ባል ደህና ሰው ነው፤ ዓይኑ ግን ጓሮው ላይ ነው። ቦታው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ ውሃም ስላለው፣ መኪና ማጠቢያ ሊያቋቁምበት ይፈልጋል። «እማማ ማጠብ ከወደዱ መኪና ይጠቡ» እያለ ይቀልዳል፤ ልጇም ትስቃለች፣ አክስቴም አብራ ትስቃለች፤ ስትስቅ ግን አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። የድሮው ረድፍ ከፈረሰ በኋላ የምትሸጥበት ቦታ የላትም። ከእኔና ከሾፌሩ በቀር ገዢ አልቀረላትም። ስለዚህ ተስማሙ፤ አሁን መሬት ውስጥ ያለው ካሮት ተነቅሎ እስኪያልቅ ድረስ አዳራሹ ከተቀበላት ጓሮው ጓሮ ሆኖ ይቀጥላል፤ ካልተቀበላት የበሩን ቁልፍ ለልጇ ባል ታስረክባለች።

«አንድ ቀን ሳያጥቡ ቢወስዱት ምን ይጎድልብዎታል?» አላት። ሁላችንም አልናት። እኔም አልኳት።

እሺ አለች። በማግስቱ ጧት ነቀልን። ዘንቢሉ ከነአፈሩ ሞላ፤ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ተቆጣጣሪዎ ቢያየው በተንበረከከለት ነበር። ወደ በሩ ስንሄድ ቧንቧው ጋ ደረስን። ቆመች። እጇን ቧንቧው ላይ አደረገች። ምን እንዳለችኝ አሁን ትዝ አለኝ።

«ዞር በይ፣ ይረጭሻል» ነው ያለችኝ።

ከፈተችውና ቁጭ ብላ አጠበችው። የልጇ ባል ከበሩ ላይ ሆኖ አየን፤ ከዚያ መሬቱን በእርምጃው እየለካ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ነው፣ ክቡር ሆይ፣ ሁለታችን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የመጣነው። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ምክትልዎ ተቀበሉን። የሲሚንቶውን ነገር ነገርኳቸው፤ ሸማቹ ጥርሱ ላይ እየተንቀጫቀጨበት እንደሆነ፣ ሰው ማጉረምረም እንደጀመረ፣ ከወንዙ ማዶ ግን እውነተኛ የአካባቢ ካሮት እንዳለ አስረዳሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ሲገልጡት ያዩት እኔን አልነበረም።

«የእርስዎ አፈር እንዴት ያለ ነው?» አሏት አክስቴን።

አክስቴ ከወንበሩ መደገፊያ ቀና አለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ አፈሯ የጠየቋት የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ነገረቻቸው። ጥቁር እንደሆነ፣ በእጅ ሲይዙት እንደሚፈረፈር፣ ከአባቷ ዘመን ጀምሮ ቅጠልና አመድ ፍግም እየበሰበሰበት የተሠራ እንደሆነ፣ ዝናብ ሲመታው የሚሸተው ሽታ ከሌላ አፈር እንደማይገኝ። ምክትልዎ ጠጠር ይኖረው እንደሆነ ጠየቁ። ካሮቱ ላይ ይይዛል ወይስ ቶሎ ይለቃል ብለውም ጠየቁ።

«ይይዛል እንጂ! አውራ ጣቴን ያጎበጠው እሱ አይደል» አለቻቸውና ጣቷን አሳየቻቸው። ተሳሳቁ። ሲሸኙን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋት በቅርብ ቀን በአዳራሹ እንደሚያዩዋት ቃል ገቡላት።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዘችኝ። «አየሽ? አፈሬን ጠየቀኝ» አለችኝ። እርሷ ደስ ብሏት ነበርና እኔም አብሬያት ፈገግ አልኩ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ይህች ሴት የታጠበ ካሮቷን ይዛ እንድትገባ ይፍቀዱላት። ከመስተዋቱ በር ፊት ለፊት አታስቀምጧት፤ ከጫፍ ይሁን። በድሮው ረድፍ ያላጠቡት ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ይሁን፤ በእናንተ ዘንድ ነውሩ ስለተገለበጠ ቅር አይላትም። ገዢ ከመጣ ይመጣል። ካልመጣም፣ ጥናት አስጠንተው ሸማቾች ለምን እንዳልመረጧት አራት መልስ ያዘጋጁላት።

ላደረጉልን ሁሉ፣ ለማያደርጉልንም ጭምር፣ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ወንበርዎ ይደላዎት፤ መስተዋትዎ አይሰንጠቅ፤ በማዕድዎ ላይ የሚቀርበው ሁሉ ከየት እንደመጣ የማይጠይቁበት ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ጎንበስ ብዬ (ያጎነበስኩት ለስፌቴ ቢሆንም አክብሮት ይመስላል)፣ የኋላ በርዎ ቋሚ ተመልካች፣

ልብስ ሰፊዋ፣ የአጣቢዋ የእህት ልጅ

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ልልከው ስል የመኪና ድምፅ ሰማሁና ቀና አልኩ። ምክትልዎ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ባለሥልጣን ቃሉን አይጠብቅም የሚሉትን ሁሉ አሳፍረዋልና አመስግኑልኝ። የኋላው በር ተከፍቷል። አንዲት አነስተኛ የጭነት መኪና ቆማለች፣ የአክስቴ ልጅ ባል ጆንያ ያወርዳል። አንዱ ጆንያ ተቀደደና ጥቁር አፈር አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፤ መካከሉ የካሮት ቅጠል ነበረበት። ከዚህ ሆኜ ሊሸተኝ አይችልም፤ ግን ሸተተኝ። የታችኛዋ ጎረቤቴ ወንፊቷን ይዛ ወጣች፣ አጎነበሰች፣ የፈሰሰውን በእጇ አፈሰች፣ ቀና ብላም ወደ መስኮቴ አላየችም። እንግዲህ አዳራሽዎ በመጨረሻ እውነተኛ የአካባቢ ምርት አግኝቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት። ካሮት ላይ ከመቀባቱ በፊት ግን ተቆጣጣሪዎ በጣቱ ይዳስሰው፤ ማን ያውቃል፣ ታጥቦ እንዳይሆን።

ከመኪናዋ የፊት ወንበር አክስቴ ወረደች። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በብብቷ ይዛለች። ዘበኛው ጆንያው ይቅደም ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት። የመጨረሻው ጆንያ እስኪያልፍ ድረስ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች። ከዚያ ጨርቁን ገልጣ አየች፣ መልሳ ሸፈነችው፣ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች።

መርፌው ተንቀጠቀጠ። በሩ ተዘግቷል።